ታፋ የረሳው ሰንሰለት

ታፋን ጠልቼ ነው ያደግሁት። ሌላው ልጅ ጅብ እየፈራ ሲያድግ እኔ የአባቴን ረዳት እየጠላሁ አደግሁ። ክረምት መጥቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ታፋ አሁን የትኛው በረንዳ ሥር ኩርምት ብሎ እንደሚያድር አስብና ብርድ ልብሴ ይበልጥ ይሞቀኝ ነበር። ሕፃን ልብ ውስጥ ይህን ያህል ክፋት አይገባም የሚል ሰው ካለ የእኔን ልብ አላየም።

ቤታችን ቢላ ነበር። አባቴ ኢዶሳ የሰው መኪና የሚነዳ ሾፌር ነው፤ መኪናው ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት አሮጌ የጣሊያን ጭነት መኪና፣ ባለቤቱ ነቀምቴ የተቀመጠ የቡና ነጋዴ። በበጋ ቡና ጭኖ በሲሬ በኩል ነቀምቴ ይሄዳል፣ ጨውና ሳሙና ጭኖ ይመለሳል። ክረምት ሲገባ ከቢላ ሲሬ ያለው መንገድ መንገድ መሆኑ ይቀርና ቀይ ጭቃ ብቻ ስለሚሆን፣ መኪናው ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሶ መስቀልን ይጠብቃል። እሁድ እሁድ ደግሞ አባቴ ሰባኪ ነው። የወንጌላውያን ጉባኤ ሽማግሌ ነበር፤ ስለ ቃልቻና ስለ ጨሌ ሲናገር ድምፁ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ሰዉ ይፈራዋል፣ ያከብረዋል፣ እኔ ደግሞ እኮራበታለሁ።

በዚያ ዓመት ግን ሐምሌ ላይ ሸራው ተገፈፈ። አባቴና ታፋ አሮጌውን የጎማ ሰንሰለት፣ ሾፌሮቹ ካቴና የሚሉትን፣ አውጥተው ሣሩ ላይ ዘረጉት። በጭቃ ጊዜ የኋላ ጎማ ላይ የሚጠመጠም ነው። ከማርጀቱ የተነሳ ቀለበቶቹ ለስልሰው ነበርና አባቴ ጥርስ ላበጅለት ብሎ ተነሳ። ጥርስ ማለት በየቀለበቱ እየተሰካ የሚጠብቅ ቡሎን ነው። ነቀምቴ ካለ ጋራዥ የለቀመውን ቡሎን በዘይት ቆርቆሮ ሞልቶ አምጥቶታል፤ ቆርቆሮውን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ እጄ ግራሶ ግራሶ ይሸት ነበር።

“ይሄስ?” እላለሁ አንዱን አንስቼ።

“ረጅም ነው። ጎማውን ይበላዋል።”

“ይሄስ?”

“እሱ ደግሞ አጭር፤ ጭቃው ውጦ ያስቀረዋል።”

“ይሄ ሹሉስ?”

ታፋ ይስቃል። “ሹል እንደገባ ይወጣል፣ ሎሚ። አይዝም። አናቱ ደንደን ያለውን ፈልጊ፣ እንደ አባትሽ አናት ያለውን።”

አባቴም ይስቃል። ታፋ ያን ጊዜ ጢም እንኳ በደንብ ያላበቀለ ጎረምሳ ነበር። ሥራው ዳገት ላይ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት እየሮጠ ከጎማው ሥር ታኮ መወርወር ነው፤ ታኮ ማለት ያው የእንጨት ሽብልቅ ነው። ሥራ ሲፈታ ደግሞ አንገቱ ላይ አስቀምጦኝ በገበያው መሀል ይዞኝ ይዞር ነበር። ስለዚህ በዚያ ሐምሌ ታፋን እወደው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከአባቴ ቀጥሎ እሱን ነበር የምወደው።

እናቴ ድርቤ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። ለመኪናው ጥርስ የሚያበቅሉለት ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

“ልጅ ሊያመጣ ነዋ” አለችኝ። “ነቀምቴ ሆስፒታል ወንድምሽ አለ። አባትሽ በዚህ መኪና ነው የሚያመጣው።”

አመንኳት። ወንድሜ ነቀምቴ የሆነ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እኛን እየጠበቀ ነበር፣ በእኔ ቤት። አባቴ ቡሎኑን በመፍቻ ሲያጠብቅ የግንባሩ ሥር የሚገተረውም ወንድሜ ስለቸኮለ መሰለኝ። ከእኔ በኋላ ሁለት ልጆች በምጥ እንደሞቱባት፣ ሦስተኛው ሆስፒታል ካልሆነ እሷም እንደማትተርፍ አንዲት ነርስ ለአባቴ እንደነገረችው የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አባቴ ያን ሰንሰለት የሠራው የሚስቱን ነፍስ ሊያድንበት ነበር። በነሐሴ አጋማሽ ቀስ ብሎ ሊወስዳት አስቦ ነበር፤ ምጡ ቀደመው።

ምጡ በጀመረ ማታ አዴ ወርቂቱ መጣች። ቢላ ውስጥ በእሷ እጅ ያልተወለደ ሰው ጥቂት ነው፤ አባቴን ራሱን የተቀበለችው እሷ ነበረች። ዝናቡን ከነጠላዋ ላይ አራግፋ ገባችና መጀመሪያ የእናቴን መቀነት ፈታች። ቀጥላ የሣጥኑን ክዳን ከፈተች፣ የጥጃውን ገመድ ፈታ ለቀቀችው፣ የእህሉን ጆንያ አፍ ፈታች። በመጨረሻም እኔን ጉልበቷ መሀል አስገብታ ሹሩባዬን አንድ በአንድ ትፈታው ጀመር። ለወንድሜ መምጫ እንደ አዲስ ልትሠራኝ ነው ብዬ አንገቴን ሰጠኋት። ግን ፈታ ተወችኝ።

አባቴ ከበሩ ሆኖ ያያታል። “አዴ ወርቂቱ፣ ልጅ የሚይዘውም የሚለቀውም እግዚአብሔር ነው። ቋጠሮ ምን አገባው?”

“አንተ ስትወለድ እናትህ መቀነቷን ባትፈታ ኖሮ አሁን እዚህ ቆመህ አትሰብክብኝም ነበር” አለችው ቀና ሳትል።

አባቴ ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ደጅ ላይ ከታፋ ጋር ሆነው ሰንሰለቱን ጎማው ላይ ሲያጠብቁ ብረቱ ሲንቃጨል ይሰማኛል። ጭቃው ግን መኪና የሚያወጣ አልነበረም፤ ዝናቡ ትንሽ ጋብ እስኪል ጠበቁ። ዝናቡ ጋብ ያለው ሊነጋጋ ሲል ነው። እስከዚያ የእናቴ ድምፅ ተለውጦ ነበር። ጩኸቱ ቀርቶ የጥጃ ድምፅ የመሰለ ነገር ይወጣት ጀመር።

አባቴና ታፋ ሁለቱ ብቻ በቃሬዛ አውጥተው መኪናው ጋ ሲያደርሷት አዴ ወርቂቱ ከፊታቸው ቀድማ ቆመች። ሞተሩ ተነስቶ ይጮሃልና የምትለው አይሰማኝም። እጇ ወደ ጎማው ሲጠቁም አየሁ። አባቴ ተቆጣ፤ እሷም ተቆጣች። ቀጥላ ጎንበስ ብላ እናቴን አንድ ነገር ጠየቀቻት፣ እናቴም ራሷን ነቀነቀች። አባቴ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። ጎማው ጭቃ ስለነበር የእናቴ ነጭ ነጠላ እንዳይቆሽሽ የሚከራከሩ መሰለኝ፤ ለነጠላ ይህን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው ብዬም ታዘብኳቸው።

ጋቢ አምጪ ብለው ቤት ላኩኝ። ይዤ ስመለስ በጎተራው ጀርባ አቋረጥኩ፤ ታፋን ያገኘሁትም እዚያ ነው። ያን ጥርሳም ሰንሰለት ትከሻው ላይ ተሸክሞ ወደ ቡናው መጋዘን እየገባ ነው። ጥግ ላይ ጣለውና ባዶ ጆንያ ከላይ ደረበበት። ዘወር ሲል አየኝ። ዓይኑ ደም መስሏል።

“ሂጂ፣ መኪናው ውስጥ ግቢ” አለኝ። እንደዚያ ባለ ድምፅ ተናግሮኝ አያውቅም።

የሌባ ዓይን ሲያዝ ይቀላል ብላ እናቴ ስትናገር ሰምቼ አውቃለሁ። ታፋ ሰንሰለታችንን ሰረቀን! ለአባቴ ልነግረው እየሮጥኩ ወጥቼ ጋቢና ውስጥ ገባሁ፤ እሱ ግን መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልይ ነበር። ሲጸልይ ማቋረጥ ክልክል ስለሆነ ጠበቅሁ። ጸሎቱ ሳያልቅ መኪናውን አንቀሳቀሰው፣ እኔም አፌ እንደተከፈተ ቀረሁ።

እናቴና አዴ ወርቂቱ ከኋላ፣ ሸራው ሥር፣ ጆንያ ላይ ናቸው። ሜዳውን እየተንሸራተትንም ቢሆን አለፍነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ዳገት ላይ ስንደርስ ጎማው ይዞር ጀመር፤ መኪናው ግን አይሄድም። ታፋ እየዘለለ ወርዶ ታኮ ያስገባል፣ አባቴ ነዳጅ ይሰጣል፣ መኪናው አንድ ክንድ ወጥቶ ሁለት ክንድ ይመለሳል። የፍሪሲዮኑ ሽታ አፍንጫዬን አቃጠለው። ታፋ ፊቱ እስኪጠፋ ጭቃ ለብሷል። እኔ በመስኮት እያየሁት፣ ‘አሁን ደግሞ የሚሠራ ይመስላል፣ አስመሳይ!’ እላለሁ በሆዴ።

ከማሳቸው የመጡ ሰዎች ቅርንጫፍ እየቆረጡ ከጎማው ሥር አነጠፉ። ጎማው ቅርንጫፉን ወደ ኋላ እየተፋ ይዞራል። እናቴ ከጀርባዬ፣ “ያ አባ ሎሚ! ያ አባ ሎሚ!” እያለች አባቴን ትጠራለች። መንደሩ ውስጥ በሬ ያለው ሰው ተጠራ፤ በሬዎቹ እስኪመጡ፣ እስኪጠመዱ፣ ፀሐይ ከደመናው ጀርባ ከፍ ብላ ነበር። አባቴ መሪውን ለታፋ ትቶ ወረደና የኋላውን ጎማ በእጁ ይቆፍርለት ጀመር። እናቴ መጥራቷን አቆመች። ተኛች ብዬ ደስ አለኝ።

አዴ ወርቂቱ ከሸራው ሥር ወጥታ ወረደች። አባቴ ዘንድ ሄዳ ትከሻውን ነካችውና አንድ ነገር አለችው። አባቴ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ደከመው አልኩ። በሬ ነጂው አላየም፤ ጅራፉን አጮኸ፣ በሬዎቹ ተንበርክከው ተነሱ፣ መኪናው አጓርቶ ከጭቃው ወጣ። ታፋም ምንም አላየም። መሪውን ይዞ፣ “ወጣን! ሎሚ፣ ወጣን!” እያለ ይስቃል። እኔም ጥላቻዬን ረስቼ አጨበጨብኩ።

ያን ሳቁን ነው በኋላ ይቅር ልለው ያቃተኝ።

መኪናውን ዳገቱ ጫፍ ላይ አዞሩትና ወደ ቢላ ተመለስን። “ነቀምቴ በዚህ አይደለም!” ብዬ ጮህኩ። “ወንድሜስ? እየጠበቀን እኮ ነው!” ለትምህርት መጀመሪያ ነቀምቴ በሄድኩበት ዓመት እንኳ፣ ነገሩን ካወቅሁ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ በከተማው በበከኒሳ ቀሴ ሰፈር መንገድ ላይ በእሱ ዕድሜ ያሉ የወንዶች ልጆችን ፊት አይ ነበር። ወንድሜ ከእናቴ ሆድ ሳይወጣ አብሯት ተቀብሯል።

ቀብሩ ላይ የጉባኤው ሊቀ መንበር አባቴን ጠየቀው። ሰዉ ሁሉ ሐምሌን ሙሉ ያን ሰንሰለት ሲሠራ ስላየ የሁሉም ጥያቄ ነበር። “ኦቦ ኢዶሳ፣ ያ ጥርሳም ሰንሰለትህ የት ነበር? እሱ ቢኖር እኮ ያን ዳገት ትወጣው ነበር።”

አባቴ ቀና ብሎ ታፋን አየው።

“እኔ ነኝ” አለ ታፋ። “እንድጭነው አዞኝ ረስቼው ነው።”

ጉርምርምታ ተነሳ። የእናቴ ወንድሞች ወደ እሱ ሲሄዱ ሽማግሌዎች በመሀል ገቡ። እኔ የአክስቴን ቀሚስ ይዤ ቆሜያለሁ። ሰዉ ረሳ ብሎ ነው የተቆጣው፤ እኔ ግን አለመርሳቱን አውቃለሁ፣ ሲደብቀው በዓይኔ አይቻለሁ። ከሁሉም በላይ የጠላሁት ለዚህ ነው።

ታፋ ከዚያ በኋላ ቢላ አልቆየም። የእናቴ ዘመዶች እሱ የገባበት ቤት አንገባም፣ እሱ የቀመሰውን አንቀምስም አሉ። ረዳት አድርጎ የሚቀጥረው ሾፌር ጠፋ፤ ዳገት ላይ ሰንሰለት ለሚረሳ ልጅ ማን መኪና ያምናል? ሲሬ ወርዶ አውቶቡስ መቆሚያ ላይ ይሸከማል ሲሉ ሰማሁ። ስሙም ‘ድርቤን የገደላት’ ሆነ። አባቴ ቤት ውስጥ የታፋ ስም ከተነሳ ተነስቶ ይወጣል። እኔ ንዴት ነው እል ነበር፤ ስለዚህ ጎተራው ጀርባ ያየሁትን ነግሬው አላውቅም።

አባቴ የሞተው ጃንሆይ ከወረዱ በኋላ ነው፣ አርጅቶ፣ ስብከቱን ሳያቋርጥ። ነቀምቴ አስተማሪ ሆኜ አግብቼ ነበር፤ እርጉዝ ሆኜ ለቀብሩ ቢላ መጣሁ። ጣዖትን ያሳፈረ፣ ለቃልቻ ያልተንበረከከ እየተባለ ተወደሰ። ለቅሶው ላይ አዴ ወርቂቱን አመጡልኝ። ዓይኗ ጠፍቷል፤ እጇ ግን እንደ ድሮው ነው። ሆዴን ዳሰሰችና፣ “ያንቺው ጥሩ ተቀምጧል” አለች። “ግን ሰዓትሽ ሲደርስ የታሰረ ነገር አጠገብሽ እንዳይኖር፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። እናትሽን የገደላት እሱ ነው።”

“ምኑ?”

“ሰንሰለቱ ነዋ! ታስሮ የሚሄድ ብረት ላይ ተጭና ማን ትወልዳለች? ማታ ነው አውርደው ያልኩት። አባትሽ እንቢ አለ፤ ያው ሃይማኖቱ። ሲነጋ፣ አልሆን ሲላት፣ እሷም አውርዱልኝ ስትል፣ ያን ጊዜ አመነኝና ታፋን አዘዘው። ምን ዋጋ አለው፣ ዘግይቶ ነበር።”

ስለ ታፋ ጠየቅኋት፤ ረሳሁ ማለቱን አልሰማሽም ወይ አልኳት።

“ወንዶች ስለ መኪና ሲያወሩ እኔ ምን አገባኝ?” አለች።

ምስጢር ያወጣች አልመሰላትም። የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው ያን ሁሉ ዓመት ያልተናገረችው። እኔ ግን ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ አባቴን ማልቀስ አቃተኝ። ጣዖትን ያሳፈረው ሰው ሚስቱ ስትሞትበት ፈርቶ ነበር። መፍራቱን ይቅር እለዋለሁ፤ ማን አይፈራም? ከዚያ በኋላ ያለፉትን እሁዶች ግን ይቅር ልለው አልቻልኩም።

ከለቅሶው ስመለስ ሲሬ ላይ ወረድኩ። አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ጎማ የሚለጥፍ አንድ ሽማግሌ አሳዩኝ። ሽማግሌ ለመባል ዕድሜው ገና ነበር፤ ሸክም ጀርባውን አጉብጦት ነው።

“አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ታፋ?”

“ነጋ፣ ሰላም ነው። የማን ልጅ ነሽ?”

“የኢዶሳ። ሎሚ ነኝ።”

በእጁ የያዘውን ከመነዳሪ፣ የውስጡን ጎማ፣ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ተነስቶ በርጩማውን በእጅጌው ጠርጎ ለእኔ ሰጠኝና እሱ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። አዴ ወርቂቱ የነገረችኝን ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

“ጆንያ ሥር ደብቀን እንጫነው ብዬው ነበር” አለ። “እናትሽ አታየውም፣ ዳገቱ ላይ ብቻ አውጥተን እናስረዋለን አልኩት። አባትሽ ግን፣ ‘አይሆንም፣ አብሮን ከሄደ መታሰሩ አይቀርም’ አለ። እየተንቀጠቀጠ ነበር። ቀብሩ ላይ ሲጠይቁት አየኝ። ያን አስተያየት አንቺም ብታዪው እኔ ነኝ ትያለሽ። ለዚያች ቀን ብዬ ነው ያልኩት። ለቅሶው ሲያልፍ እሱ ራሱ የሚያቃናው መስሎኝ ነበር።” ከመነዳሪውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። “ጠበቅሁት። ሞተ ሲሉኝ ግን... ሎሚ፣ ሳይሞት ተናገረ? ለሰው?”

“ተናግሯል” አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

“በሰው ፊት?”

“በጉባኤው ፊት። ‘ታፋ አልረሳም፣ አውርደው ያልኩት እኔ ነኝ’ ብሏል።”

ታፋ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ድንገት ወደ ጓሮ ዞሮ ተጣራ። “ደራርቱ! ኮቱ፣ ቶሎ ነይ!”

ሚስቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። “ንገሪያት” አለኝ። “እንደነገርሽኝ ንገሪያት።” ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብድ ነበር። ደራርቱ ዓይኗን ከፊቴ ሳትነቅል ሰማችኝ። እሱን ስታገባ ከወገኗ አንድም ሰው ሠርጓ ላይ እንዳልቆመ፣ ልጆቿም ‘የነፍሰ ገዳይ ልጆች’ እየተባሉ ተደብድበው እንደሚመጡ ሲሬ ውስጥ እሱን ያሳዩኝ ሰዎች ነግረውኝ ነበር።

“ይህን ሁሉ ጉባኤ ሰምቶ” አለች፣ “አንድ ሰው እንኳ ሲሬ ድረስ መጥቶ መንገር አቃተው?”

“ተይ እንጂ፣ ይኸው መጥታ የለ?” አላት ታፋ። ፊቱ እርጥብ ነው፣ ይስቃል።

ደራርቱ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ። በሩ ላይ ክንዴን ያዘችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “አልተናገረም፣ አይደል?” አለችኝ።

አንገቴን ደፋሁ።

“ለእሱ እንዳትነግሪው” አለችና ክንዴን ለቀቀች።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት አየሁት። ታፋ ሥራውን ትቶ ተነስቷል። ተሸካሚዎቹን፣ ሻይ ሻጯን፣ ያገኘውን መንገደኛ ሁሉ ክንዱን እየያዘ እያስቆመ፣ ኢዶሳ በጉባኤ ፊት የተናገረውን ይነግራቸው ነበር።